ስለ ስምንተኛው ቀን
በቁምስናችን የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ንግግር



በዚህ በተቀደሰ የኢዮቤልዩ በዓል ጥቂት ቃል እንድናገር ክቡር ቆሞሳችን ስላዘዙኝ ትእዛዛቸውን ተቀብዬ በፊታችሁ ቆሜአለሁ። እኔ በቅኔ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና ነገርን ሁሉ ከስሙ መጀመር ልማዴ ነው፤ ስሙ ያልታወቀ ነገር ምስጢሩ አይገኝም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ሁላችን በየቀኑ ስለምንጠራው፣ ነገር ግን ቆመን ስለማንመረምረው ስለ አንድ ቃል ነው፤ ይኸውም ሳምንት የሚለው ነው። በንግግሬም ውስጥ የማነሣቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ኢዮቤልዩ ምንድር ነው ብለን ብንጠይቅ ኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ ይመልስልናል። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ 49 ዓመት ሲፈጸም፣ በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ባሪያው አርነት ይወጣል፤ የተሸጠው ርስት ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ምድርም ከማረሻ ታርፋለች። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የተሠራው ከሳምንት ነው፤ ሳምንቱን ያላከበረ ሰው ኢዮቤልዩን ሊያከብር አይችልም። በ50 ዓመት ውስጥ ከ2,600 የሚበልጡ እሑዶች አሉ። አንዲትን ቤተ ክርስቲያን ለኢዮቤልዩ የሚያደርሳት ዛሬ የተነጠፈው ምንጣፍና የተሰቀለው ጌጥ አይደለም፤ እነዚያ አንድ በአንድ የተጠበቁ እሑዶች ናቸው እንጂ።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። አባቶቻችን ሳምንትን በግእዝ ሰሙን ይሉታል። ሰሙን የወጣው ሰመንቱ ከሚለው ቍጥር ነው፤ ሰመንቱም ስምንት ማለት ነው። ቀኖቹ ሰባት ሲሆኑ ስለ ምን በስምንት ተጠሩ? ከእሑድ ጀምረን እስከሚከተለው እሑድ ሁለቱን ጫፎች አግብተን ብንቈጥር ስምንት እናገኛለን። በወንጌለ ዮሐንስም ጌታችን በትንሣኤው ቀን ለደቀ መዛሙርቱ ከታየ በኋላ፣ ቶማስ ባለበት ዳግመኛ የታየው ከስምንት ቀን በኋላ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ይህም ቀን ዳግማይ ትንሣኤ ብለን የምናከብረው እሑድ ነው። የጥንት አባቶች እሑድን ስምንተኛው ቀን ብለው ጠርተውታል፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1998 ዓ.ም. ስለ ጌታ ቀን በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ይህን የአባቶችን ትምህርት አስታውሰዋል። ስለዚህ የክርስቲያን ሳምንት በሁለት መንበረ ታቦት መካከል የተዘረጋ መንገድ ነው፤ ሰኞ ከአንዱ ይነሣል፣ ቅዳሜም ወደ ሌላው ይደርሳል።

የቀኖቹንም ስም ብንመረምር ይህንኑ ያስረዳናል። እሑድ አሐዱ ከሚለው ወጥቶ አንደኛ ማለት ነው። ሰኞ ሰኑይ፣ ማለት ሁለተኛ ነው። ማክሰኞ የሰኞ ማግሥት ነው። ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ ነው። ዓርብ ፀሐይ ሲገባ የሚጀምረው የሰንበት ዋዜማ ነው፤ ቅዳሜም ቀዳሚት ሰንበት ነው። በላቲን ሕዝብ ዘንድ ቀኖቹ በጨረቃና በከዋክብት ስም ተጠርተዋል፤ በእኛ ዘንድ ግን ቀኖቹ ከእሑድ ምን ያህል እንደ ራቁ፣ ወይም ወደ ሰንበት ምን ያህል እንደ ቀረቡ ይነግሩናል። ረቡዕ ያለ ሰው፣ ባያስተውለውም፣ ከእሑድ ቈጥሮ ነው የተናገረው።

ይህ ቍጥር በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደ ተጠበቀ ጥቂት ላስታውስ። በሮም በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ይኖሩ የነበሩት መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 ዓ.ም. በማተሚያ አሳትመዋል። ቅዱስ ያዕቆብ ዩስጢኖስ በ1839 ዓ.ም. ወደ አገራችን በመጡ ጊዜ የአገሩን ልብስ ለብሰው፣ የአገሩን ቋንቋ ተምረው፣ የአገሩን ሥርዓት አክብረው ኖሩ፤ በ1860 ዓ.ም. ዐርፈው በ1975 ዓ.ም. ቅድስናቸው ታወጀ። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በጎጃም ተወልደው የአገራችንን ትምህርት ጠንቅቀው የተማሩ ሊቅ ነበሩ፤ ከቅዱስ ዩስጢኖስ ጋር ሁነው ወጣቶችን አስተማሩ፤ ስለ እምነታቸውም ታስረው ብዙ መከራ ተቀብለው በ1855 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በ1926 ዓ.ም. ብፁዕ ተባሉ። አባ ማስያስ በ1868 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ደርሰው በፊንፊኔ የተልእኮ ቤት ሲያቋቁሙ አዲስ አበባ ገና አልተቈረቈረችም ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. አገሩን ለቀው እንዲወጡ ተደረጉ፤ ሥራቸው ግን አልጠፋም። በ1961 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት በግእዝ ሥርዓት የሊቀ ጳጳስ መንበር ሆነ። በ1964 ዓ.ም. ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሥርዓታቸውን እንዲጠብቁና ከጠፋባቸውም ወደ አባቶቻቸው ልማድ እንዲመለሱ አዘዘ። እንግዲህ ቅዳሴያችንና ዜማችን ከሌላ የተዋስነው ዕቃ አይደለም፤ በእስርና በስደት ተጠብቆ የተሰጠን ርስት ነው።

ይህን ርስት ይዘን የምንኖረው ግን በጸጥተኛ ገዳም አይደለም። ከመካከላችሁ ብዙዎቹ የምትኖሩትና የምትሠሩት በአዲስ ከተማ፣ በአንዋር መስጊድ ሰፈርና በዙሪያው ነው። ይህን ገበያ በ1936 አገሩን የያዙት ጣልያኖች ከአራዳ ወደ ምዕራብ አዛውረው መርካቶ አሉት፤ ስሙም በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው። ታላቁ የአንዋር መስጊድ በዚያ ቆሟል፤ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንም ጎረቤቱ ነው፤ የአንዱ አዛንና የሌላው ደወል በአንድ አየር ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ሚሊቴሪ ተራ፣ በርበሬ በረንዳ አለ። ከእምድብር የመጣው ወንድማችን በግእዝ ሥርዓት ያደገ ነው፤ ከወላይታ፣ ከከምባታና ከሀድያ የመጣው ደግሞ በላቲን ሥርዓት የተጠመቀ ነው። ሁሉም እንጀራውን ፍለጋ ወደዚህ ገበያ መጥቶ፣ እሑድ በአንድ ቅዳሴ ይገናኛል። ሥርዓቱ ሁለት ሲሆን ሃይማኖቱ አንድ ነውና አንዱ ሌላውን እንግዳ አድርጎ አይመልከተው።

የዚህ ሕዝብ ሳምንት እንዴት ያልፋል? ሰኞ ማለዳ የመደብሩ መዝጊያ ሲከፈት፣ በቤት ያለችው እናት ደግሞ የሰኞውን ውዳሴ ማርያም ትከፍታለች፤ ይህ ጸሎት ለሰባቱ ቀን ተከፍሎ የተሠራ ስለ ሆነ መጽሐፉን የያዘ ሰው ዛሬ ምን ቀን እንደ ሆነ ከጸሎቱ ያውቃል። ከሥራ ቀኖች በአንዱ የማርያም ጭፍራ ወይም የቅዱስ ቪንቼንሶ ማኅበር አባሎች ተሰብስበው የታመመውን፣ የተቸገረውንና ከቤት የቀረውን በስም ይጠራሉ። ረቡዕ በጌታ ላይ የተመከረበት፣ ዓርብም የተሰቀለበት ቀን ስለ ሆነ ይጾማል። ሐሙስ የቅዱስ ቁርባን ምስጢር የተመሠረተበት ቀን ነውና በብዙ ቁምስና ለቅዱስ ቁርባን ስግደት ይደረጋል። ዓርብ ቀትር ሲሆን በአንዋር መስጊድ ዙሪያ መንገዱ ሁሉ በሰጋጆች ይሞላል፤ መልካሙ ክርስቲያን ጎረቤትም ዕቃውን ከመንገድ ሰብስቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃቸዋል። በዐቢይ ጾምም በዚያው ዓርብ እኛ ፍኖተ መስቀልን እንሄዳለን። ቅዳሜ ገበያው ይደምቃል። ይህን ቀን ማክበር በአገራችን ብዙ ክርክር ያስነሣ ነበር፤ በ1450 ዓ.ም. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ ተወሰነ። ዛሬ በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካህኑ ለኑዛዜ ይቀመጣል፤ መዘምራን ዜማውን ያጠናሉ፤ እናቶች ቤተ ክርስቲያኑን ይጠርጋሉ። ከዚያም ስምንተኛው ቀን ይነጋል።

ወዳጆቼ ሆይ፤ እስካሁን የተናገርሁት ደስ የሚያሰኝ ነው። አሁን ግን የሚያሳስበውን ልናገር።

በገበያችን ብዙ መደብር እሑድ በሩን ይዘጋል። ነገር ግን ከተዘጋው በር በስተጀርባ ዕቃ ይቈጠራል፤ በጓሮ በኩል የጭነት መኪና ይራገፋል። ባለ መደብሩ ነጭ ነጠላውን ለብሶ በቅዳሴ ቆሟል፤ ተሸካሚው ከጆንያው በታች ጎብጧል፤ የሱቁ ልጅ መዝገብ ይዞ ይቈጥራል። ባለ መደብሩ እኔ ሰንበትን አክብሬአለሁ ይላል። በእውነቱ አክብሯልን?

የኦሪት ዘፀአትን 20ኛ ምዕራፍ በጥንቃቄ አንብቡ። ስለ ሰንበት የተሰጠው ትእዛዝ ለባለቤቱ ብቻ አልተሰጠም። ወንድና ሴት ልጁን፣ ወንድና ሴት አገልጋዩን፣ ከብቱን፣ በደጁም ውስጥ ያለውን እንግዳ አንድ በአንድ ይቈጥራል። ሕግ ሰጪው እግዚአብሔር ጌታው ዐርፎ አገልጋዩ እንደሚደክም አስቀድሞ ስላወቀ ማምለጫውን ሁሉ ዘጋው። ኦሪት ዘዳግምም በ5ኛው ምዕራፍ ይህንኑ ትእዛዝ ሲደግም ምክንያቱን ይጨምራል፤ አንተም በግብፅ አገር አገልጋይ እንደ ነበርህ አስብ ይላል። ይህ ነገር ለመርካቶ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዛሬ ትልቅ መደብር ካላቸው አባቶች ብዙዎቹ በልጅነታቸው ሊስትሮ ሁነው፣ ወይም በሰው በረንዳ እያደሩ ዕቃ ተሸክመው የጀመሩ ናቸው። ግብፃቸውን ያውቁታል። እንግዲህ ያን ጊዜ አንድ ሰው እሑድ ዕረፍ ቢላቸው ምን ያህል ደስ ባላቸው ነበር!

እሑድን ስለ መጠበቅ ሰዎች ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። በ304 ዓ.ም. በሰሜን አፍሪካ የአቢቲና ሰዎች በእሑድ ለቅዳሴ መሰብሰብ በተከለከለበት ዘመን ተሰብስበው ተያዙ። ቍጥራቸው 49 ነበር፤ ዳኛው ሲጠይቃቸውም ያለ ጌታ ቀን መኖር አንችልም የሚል ምላሽ ሰጡ፤ ስለዚህም ሰማዕታት ሆኑ። ሰባት ጊዜ ሰባት 49 እንደሚሆን አስተውሉ፤ የእነርሱ ኢዮቤልዩ በሰማይ ተከበረ። በ321 ዓ.ም. ቈስጠንጢኖስ ንጉሥ በእሑድ ከሥራ ማረፍን በሕግ አዘዘ። በ1891 ዓ.ም. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ስለ ሠራተኞች በጻፉት መልእክት የሰንበት ዕረፍት የሠራተኛ መብት መሆኑን፣ ይህም ዕረፍት ለስንፍና ሳይሆን ነፍስን ወደ ፈጣሪዋ ለመመለስ መሆኑን አስተማሩ። የአገራችንም ሕግ ዝም አላለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህ እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው) ሠራተኛ በሰባት ቀን ውስጥ ያልተቋረጠ ከ24 ሰዓት የማያንስ ዕረፍት እንዲያገኝ፣ ከተቻለም ዕረፍቱ በእሑድ እንዲውል ይደነግጋል። የምድር ሕግ ይህን ያህል ካለ፣ የሰማዩን ሕግ የምናነብ እኛ ከዚያ ልናንስ አይገባንም።

ነጋዴው የሚመልስልኝን አውቃለሁ። ኪራዩ ከባድ ነው፤ መኪናው በገባበት ሰዓት ካልተራገፈ ይከፈልበታል፤ እኔ ብዘጋ ጎረቤቴ ይከፍታል ይለኛል። ይህ እውነት ነው፤ ጉዳቱንም አላቃልልበትም። እሑድን ያከበረ ሁሉ ይበለጽጋል ብዬ ተስፋ አልሰጥም፤ እንዲህ ያለ ተስፋ ከእግዚአብሔር ጋር ንግድ መግባት ነው። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ዕረፍት ዋጋ ካላስከፈለ መሥዋዕት አይደለም። ደግሞም ሥራቸው እሑድን የማይለቅ ሰዎች መኖራቸውን አልዘነጋም፤ የሐኪም ቤት አስታማሚ፣ ዘበኛና ሹፌር በተራቸው ይሠራሉ። እነዚህን አንፈርድባቸውም፤ ይልቁንም ተራቸው ሲደርስ ቅዳሴ የሚያገኙበትን ሰዓት ቁምስናው ሊያስብላቸው ይገባል።

በደጅህ ያለው እንግዳ የሚለውም ቃል በዚህ ሰፈር ልዩ ትርጕም አለው። ሠራተኛህ እስላም ቢሆን በዓርብ ቀትር ወደ አንዋር እንዲሄድ ልቀቀው፤ ደመወዙንም አትቍረጥበት። የኦርቶዶክስ ልጅ ቢሆን ወደ ራጉኤል ይሂድ። ሌላውን ወደ ጸሎቱ የማይለቅ ሰው የራሱን ጸሎት ዋጋ አላወቀም። በ2024 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በሸማ ተራ የተነሣውን ቃጠሎ ታስታውሳላችሁ፤ እሳቱ የማን ሱቅ ነው፣ ሃይማኖቱስ ምንድር ነው ብሎ አልጠየቀም። መከራው አንድ ካደረገን መከባበሩም አንድ ያድርገን።

ሁለተኛው የሚያሳስበኝ ነገር ይህ ነው። የመርካቶ ሰው ዕቁቡን አያሳልፍም። የዕቁቡ ሰዓት ሲደርስ ዝናብ ቢዘንብ፣ ቢታመምም እንኳ ገንዘቡን ሰው አስይዞ ይልካል፤ ዳኛው ፊት ማፈር ሞት ነውና። ይህ መልካም ባሕርይ ነው፤ አደራ ጠባቂነት ነው። ነገር ግን ያው ሰው ወደ ቅዳሴ የሚደርሰው ጳውሎስ ተነብቦ፣ ሐዋርያው ተነብቦ፣ የሐዋርያት ሥራ ተነብቦ፣ ምስባኩ ተሰብኮ፣ ወንጌሉም ካለቀ በኋላ ነው። በጥንት ሥርዓት ከንባቡ በኋላ የሚወጡት ንኡሰ ክርስቲያን ነበሩ፤ ዛሬ ግን የተጠመቀው በዚያ ሰዓት ይገባል። ቃሉን ሳይሰሙ ወደ ቍርባን መቅረብ ዋጋውን ሳይሰሙ ዕቃ እንደ መግዛት ነው፤ ይህን የሚያደርግ ነጋዴ በመካከላችሁ አለን?

ስለዚህ ለዚህ ኢዮቤልዩ መታሰቢያ ሦስት ነገር እንድናደርግ እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ ከእናንተ አሠሪ የሆነ ሁሉ ዛሬ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከበታቹ ያሉትን በስም ቈጥሮ፣ እያንዳንዱ በሳምንት የሚያርፍበትንና የሚጸልይበትን ቀን ይወስንለት። የኦሪቱ ኢዮቤልዩ አርነት ያወጅ ነበር፤ የእኛም አንድ ቀን አርነት ያውጅ።

ሁለተኛ፣ የጳውሎስ መልእክት ሳይነበብ በፊት በቤተ ክርስቲያን እንገኝ። ለዕቁብ ዳኛ የምናፍረውን ያህል ለእግዚአብሔር ቃል እንፈር።

ሦስተኛ፣ ለልጆቻችን ግእዙን እናስተምር። የዚህ አገር ዜማ በብዙ ዓመት ድካም የሚገኝ ነው፤ እኔና እኩዮቼ ሃምሳውን ዓመት አልፈናል፤ ከእኛ በኋላ ተቀባይ ካልተገኘ ካህኑ ብቻውን ይቀድሳል። ልጁ ሁሉ የቅኔ መምህር ይሁን አልልም። ነገር ግን እያንዳንዱ ልጅ ሕዝቡ የሚመልሰውን ተሰጥዎ በዜማው እስከ ትርጕሙ ይወቅ፤ ምን እንደሚል የማያውቅ አፍ ፈጥኖ ይደክማልና። ከትምህርተ ክርስቶስ ሰዓት ጥቂቱ ለዚህ ቢሰጥ ብዙ ነገር ይድናል። ከደቡብ የመጡትም ልጆች መዝሙራቸውን አይተዉ፤ ይህንንም ጨምረው ይያዙ፤ ሁለት ርስት ያለው ሰው ድኻ አይባልም።

በቅኔ ትምህርት ሰምና ወርቅ እንላለን። ወርቁ የሚፈስሰው በሰሙ ቅርጽ ውስጥ ነው፤ ሰሙ ከተበላሸ ወርቁም ተጣምሞ ይወጣል። ስድስቱ የሥራ ቀኖች ሰም ናቸው፤ እሑድም ወርቁ ነው። ሚዛኑን ያጎደለ፣ የተሸካሚውን ዋጋ የያዘ፣ ጎረቤቱን ያስቀየመ ሰው እሑድን ቢያከብርም የሚያፈስሰው በተበላሸ ቅርጽ ውስጥ ነው። በቀና ሚዛን የሸጠ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ የከፈለ፣ የታመመውን የጠየቀ ግን ቅርጹን አዘጋጅቷልና በስምንተኛው ቀን ወርቁ ቀጥ ብሎ ይፈስስለታል።

ይህን ቁምስና ላቆሙልን አባቶችና እናቶች፣ ስማቸው ለተጻፈውም ላልተጻፈውም፣ እግዚአብሔር ዕረፍትን ይስጥልን። ለእናንተም ሰኞ የሚጀምረውን ሥራ ይባርክላችሁ፤ የሚመጣውም ኢዮቤልዩ ልጆቻችንን በዚህ ዜማ ያግኛቸው። የዘለዓለም ሰንበት የሆነው ስምንተኛው ቀን ሲደርስም፣ ጌታውና አገልጋዩ፣ ነጋዴውና ተሸካሚው ጎን ለጎን ተቀምጠው እንዲያርፉ የእመቤታችን አማላጅነት ይርዳን። አሜን።